የሚመረውና የማይመረው

ጡረታ ስወጣ ባልደረቦቼ ዳቦ ቆርሰው ሸኙኝ። ከወጣቶቹ ነርሶች አንዷ «ሲስተር የሺ፣ ከዚህ ሁሉ ዓመት የማይረሳዎት የትኛው ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ሁሉም ያዋለድኳቸውን መንትዮች፣ ወይም በቃሬዛ መጥቶ በእግሩ የተመለሰ ሰው እንድነግራቸው ጆሯቸውን አቅንተው ነበር። እኔ ግን አፌ ላይ የመጣው አንድ መድኃኒት ነው። ቀለም የሌለው፣ በትንሽ ብልቃጥ ይመጣ የነበረ፣ በትንፋሽ የሚወሰድ መድኃኒት። «እሱማ ረዥም ነው» ብዬ ዳቦዬን በላሁ። አሁን ጊዜ ስላገኘሁ ልጻፈው፤ ወደ እሱ ለመድረስ ግን ትንሽ ወደኋላ መመለስ አለብኝ።

የተወለድኩት አሰላ ነው። የአባቴ አያቶች ከሸዋ መጥተው የሰፈሩ ናቸው። ጎረቤቶቻችን አርሲዎች ስለነበሩ ኦሮምኛን የለመድኩት እንደ አማርኛው ሜዳ ላይ ነው፣ ከእኩዮቼ ጋር ስጣላና ስታረቅ። ትምህርት ቤት ከተማርኩት ብዙው ጠፍቶብኛል፤ ይህኛው ግን እስከ መጨረሻው አገለገለኝ።

መጀመሪያ የተመደብኩት አርቦዬ ነው። ስለ ደሞዙ ባላወራ ይሻላል። የጤና ጣቢያው ኃላፊ አቶ ደምሴ የሚባሉ፣ ጥቂት የሚናገሩ ሰው ነበሩ። እናቶች ሳንባ ምች የያዛቸውን ሕፃናት አዝለው ሲመጡ እኔ ሮጬ ትንፋሽ መቁጠር እጀምራለሁ። አቶ ደምሴ ከኋላዬ መጥተው ሰዓቴን በእጃቸው ይሸፍኑታል። «የሚያለቅስ ልጅ ትንፋሽ አይቆጠርም። ጡት ትስጠው፣ ይረጋጋ። ከዚያ ፊቱን ተዪና ሆዱን እዪ።» እውነትም ፊት ያታልላል፤ ሆድ አያታልልም። የሕፃን ሆድ ከጎድን አጥንቱ በታች ወደ ውስጥ ሲሰረጉድ ያየሁ ቀን ነው ትንፋሽ የሚባለው ነገር ያስገረመኝ። ሰው ስንት ጊዜ እንደሚተነፍስ ሳያውቅ ዕድሜውን ይጨርሳል። ሲያጥረው ብቻ ነው ሥራ መሆኑን የሚያውቀው።

ከአርቦዬ ወደ በቆጂ ተዛወርኩ። የበቆጂ ብርድ ሌላ ነው፤ ጠዋት ጠዋት የሕመምተኛ ክንድ ከመንካቴ በፊት እጄን ብብቴ ውስጥ አሞቅ ነበር። ዶክተር ኢፋን ያገኘኋቸው እዚያ ነው። ያን ጊዜ ገና ከትምህርት የወጡ፣ ረዥም፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሐኪም ነበሩ። ሕመምተኛ ጋ ሲደርሱ ቆመው አይጠይቁም፤ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብለው ዝም ይላሉ። ምን እንደሚጠብቁ አይገባኝም ነበር። ቆይቼ ሳስተውል ለካ ከሕመምተኛው ጋር እኩል እየተነፈሱ ነው። እሱ ሲያስገባ ያስገባሉ፣ እሱ ሲያስወጣ ያስወጣሉ።

«የሰውየው ትንፋሽ ምን ያህል እንደሚያደክም ቁጥሩ አይነግርሽም» አሉኝ። «ራስሽ ሞክሪውና እዪው።»

ሞከርኩት። አስም የያዛቸው አንዲት ሴት አጠገብ ቁጭ ብዬ እንደሳቸው ስተነፍስ ብዙም ሳልቆይ አዞረኝ። ከዚያ ወዲህ የሚያቃስትን ሰው «ተረጋጋ» ማለት ተውኩ።

ሌላው ልማዳቸው ሁለት ቃል ነው፤ «ያየሽው» እና «የመሰለሽ»። አንድ ጠዋት ልምምድ ላይ ቁርጭምጭሚቷ የዞረባት ሯጭ ልጅ መጣች። እግሯን ጠቅልዬ ሳበቃ የእጇን ትርታ ያዝኩ። ዝግ ያለ ነው፣ ከመጠን በላይ ዝግ ያለ። ደግሜ ያዝኩ፤ ያው ነው። ወደ ዶክተሩ ክፍል ሮጥኩ።

«ዶክተር፣ ልጅቷ ልቧ ሊቆም ነው!»

«ያየሽው ምንድን ነው?»

«ልቧ ሊቆም ነው እኮ ነው የምልዎት!»

«እሱ የመሰለሽ ነው። ያየሽውን ንገሪኝ።»

«ትርታዋ... በጣም ዝግ ብሏል።»

«ልጅቷስ ምን እያደረገች ነው?»

በበሩ አጮልቄ አየሁ። ልጅቷ እግሯን ወንበር ላይ ሰቅላ ብስኩት ትበላለች።

ዶክተር ኢፋ እስኪያለቅሱ ሳቁ። «የሯጭ ልብ እንዲህ ነው። በአንድ ምት የሚበቃውን ያህል ይረጫል፣ ከዚያ ያርፋል። በቆጂ ውስጥ ስንቱን ልትቀብሪልን ነው?» ከዚያ በኋላ ሥራ ሲበዛብኝ፣ ስደነግጥ፣ ወይ ስናደድ እነዚያን ሁለት ቃላት ለራሴ እላቸዋለሁ።

ዓመታት አለፉ። እሳቸው የሳንባ ሕክምና ሊማሩ ሄዱ፤ እኔ ወደ አሰላ ተመለስኩ። ኮሮና ሲመጣ እንደገና ተገናኘን። ከከተማው ዳር አንድ ሰፊ አዳራሽ የሕሙማን ማቆያ ሲደረግ እሳቸው ኃላፊ ሆኑ፣ እኔን የነርሶች አስተባባሪ አድርገው ወሰዱኝ። ዕድሜዬ ሃምሳን አልፎ ስለነበር ልጆቼ «እምቢ በይ» አሉኝ። ምን እንደሆነ ማየት ፈልጌ ነበር፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

የማናውቀው ብዙ ነበር። አንዱ ሰው ከንፈሩ ጠቁሮ በስልክ እያወራ ይስቃል፤ ሌላው ደህና መስሎ ተቀምጦ እራቱን ሳይጨርስ ይወድቃል። በዚህ መሃል ከውጭ አገር አጥኚዎች ጋር በኅብረት አንድ መድኃኒት እንድንሞክር ተጠየቅን። ሐሳቡ ቀላል ነው። የታመመው ሳንባ ከሆነ፣ መድኃኒቱ በሆድና በደም ዞሮ እስኪደርስ ከመጠበቅ፣ በትንፋሽ በቀጥታ ሳንባው ላይ ለምን አናደርሰውም? ፈሳሹ በኔቡላይዘር ወደ ጉም ይለወጣል፣ ሰውየው በጭንብል ይስበዋል። ሕመምተኞቻችን «የሐኪም እንፋሎት» አሉት። ቤታቸው በባሕር ዛፍ ቅጠል ሲታጠኑ ስለከረሙ አልገረማቸውም። እኔን ግን ገረመኝ። ጉሙን ሳየው፣ ይህ ነገር የት ድረስ ይገባል? ከዚያስ ምን ያደርጋል? እያልኩ እቆማለሁ።

ገና ሳይጀመር ዶክተር ኢፋ አንድ ነገር ላይ ተጣበቁ። የጥናቱ መመሪያ «በጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ ከዚህ ቁጥር በታች ያሳየው ሰው በጠና ታሟል» ይላል። መነጽራቸውን አወለቁና «ይህን የጻፈው ሰው ባሕር ዳርቻ የሚኖር ነው» አሉኝ። «እስቲ አየሩ ስስ በሆነበት ደጋ የሚኖረውን ጤነኛ ሰው እንየው።»

በገበያ ቀን በቆጂ ወረድን፣ አይ፣ ወጣን ልበል እንጂ፣ በቆጂ ከአሰላም በላይ ናት። ገብስ ሻጩን፣ ተሸካሚውን፣ አላፊ አግዳሚውን «እስቲ ጣትዎን ያበድሩን» እያልን መለካት ጀመርን። ይህ ሥራ ቀላል ይመስላል እንጂ አይደለም። የቀዘቀዘ ጣት ይዋሻል፤ ስለዚህ ጣቱን በመዳፌ መሃል አሙቄ እጠብቃለሁ። ሂና የተቀባ ጥፍርም መለኪያውን ያሳስተዋል፤ ያልተቀባ ጣት እፈልጋለሁ፣ ካጣሁ የጆሮ ጫፍ ላይ አደርገዋለሁ። አንዲት ድንች ሻጭ ቁጥሯን አይታ «ስንት ነኝ?» አለችኝ።

«በፈረንጁ መመሪያ ከሆነ በጠና ታመሻል።»

«ታዲያ ይህን ጆንያ ማን ነው ያመጣው?» አለችና ገበያተኛውን አሳቀችው።

ብዙዎቹ ጤነኞች ከዚያ መስመር በታች ነበሩ። በመመሪያው ብንሄድ ኖሮ ግማሹን በቆጂ አልጋ ላይ እናስተኛው ነበር። ዶክተር ኢፋ ያየነውን ጽፈው ላኩ፣ ለእኛ አገር መስመሩ ዝቅ ተደረገ፤ ጀመርን።

ከሁሉም የከበደኝ ማስረዳቱ ነበር። ጥናቱ ውስጥ የገባው ሰው ሁሉ ኦክስጅኑንና የተለመደውን ሕክምና ያገኛል። ከዚያ በላይ ደግሞ በዕጣ ለግማሹ መድኃኒቱ፣ ለግማሹ ጨው ያለው ንጹሕ ውሃ ይደርሰዋል። ብልቃጦቹ መልካቸው አንድ ነው። «የደረስዎት የቱ እንደሆነ እርስዎ አያውቁም፣ እኔም አላውቅም፣ ዶክተሩም አያውቁም» እላለሁ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም። አንድ ሽማግሌ ጭንብላቸውን ገለጥ አድርገው «እግዜርስ ያውቃል?» አሉኝ።

«እሱማ ያውቃል። ከእሱ ሌላ የሚያውቀው ሩቅ ያለ ኮምፒውተር ብቻ ነው።»

«ለምን ይደበቃል?»

«ካወቅን የምናየው ይበላሻል። መድኃኒቱን የወሰደው ሰው የተሻለው ይመስለናል፣ ውሃ የወሰደው የባሰበት ይመስለናል።»

ሽማግሌው አሰቡበትና «እውነትሽን ነው፣ የራሴ በሬ ሁልጊዜ የሚበልጥ ይመስለኛል» ብለው ፈረሙ።

ከጮሌ ወረዳ ባልና ሚስት አብረው የመጡት ሥራውን በደንብ ከለመድነው በኋላ ነው። ባልየው ኦቦ ከድር፣ በአማርኛ አቶ ከድር እንደማለት፣ ናቸው፤ ገብስ ገበሬ፣ ጺማቸውን በሂና ቀይ ያቀለሙ፣ ሲናገሩ የሚያስቡ ሰው። ሚስትየው አዴ መኪያ፣ እማማ መኪያ እንደማለት፣ ደግሞ ሲያስቡ የሚናገሩ። አዳራሹ በመጋረጃ ለወንድና ለሴት ተከፍሎ ስለነበር፣ እንዳይለያዩ ብለን መጋረጃው ጥግ፣ አንዱን ከዚህ ሌላውን ከዚያ አድርገን አስተኛናቸው። መጋረጃውን በቀን ገለጥ አድርገን እንተወዋለን። ሁለቱም ጥናቱን ተቀበሉ፣ ለሁለቱም በየራሳቸው ዕጣ ደረሳቸው። የባሰባቸው ኦቦ ከድር ነበሩ።

ጉሙ በሽታውንም ይዞ ስለሚበተን፣ መድኃኒቱን አስጀምረን ከመስታወቱ ጀርባ እንቆም ነበር። ጭንብሉን ማስገጠም በተለይ ለጺማም ሰው ከባድ ነው። ኦቦ ከድርን ጺማቸውን ወደ ታች ጠቅልዬ አገጫቸው ሥር አሲዤ ነበር የማስገጥምላቸው። «ቀስ ብለው ይሳቡ፣ ያዝ ያድርጉት፣ ከዚያ ይልቀቁት።» አንገታቸውን እሺ ብለው ይነቀንቃሉ።

አንድ ቀን የአዴ መኪያን ጭንብል ሳጥብ ጠርዙ ላይ አንድ ፀጉር ተለጥፎ አገኘሁ። ወደ ብርሃኑ ወስጄ አየሁት። አጭርና ጥቅልል ያለ፣ ቀይ። የሂና ቀይ።

ያየሁት ቀይ ፀጉር ነው። የመሰለኝን ለመናገር አልቸኮልኩም። በሚቀጥለው ጊዜ ግን መድኃኒቱን አስጀምሬ ከመስታወቱ ጀርባ ስቆም ዓይኔን ከዚያ ጥግ አላነሳሁም። ጉሙ መውጣት ሲጀምር አዴ መኪያ ቀና አሉ፣ ጭንብላቸውን አወለቁ፣ እጃቸውን በመጋረጃው አሳልፈው የባላቸውን ጭንብል ከፊታቸው ላይ አነሱና የራሳቸውን አደረጉላቸው። ከዚያ የባላቸውን ጭንብል ራሳቸው አጥልቀው ተኙ። ሳይቸኩሉ ነበር፣ ልማድ እንደሆነ ነገር።

ሲያበቃ ሄጄ አልጋቸው ላይ ተቀመጥኩ።

«አዴ መኪያ፣ ለምንድን ነው የቀየሩት?»

አልካዱም። «የኔ ይመራል» አሉኝ። «የሱ አይመርም፣ ጨው ብቻ ነው። ዕጣው ለኔ መድኃኒቱን ሰጠ፣ ለሱ ውሃውን። የባሰበት እሱ ነው። ታዲያ ምን ላድርግ? እኔ ጠጥቼ እሱን ልይ?»

«የሚመረው መድኃኒቱ መሆኑን በምን አወቁ?»

«መድኃኒት ካልመረረ ምኑን መድኃኒት ሆነ? አንቺስ አታውቂም?»

«አላውቅም።»

«እውነት አታውቂም?» ክንዴን ያዙ። «ሳታውቂ ነው የምትሰጪን?»

«ለማወቅ ነው የምንሰጠው፣ አዴ።»

ክንዴን ለቀቁ። ኦቦ ከድር ከመጋረጃው ወዲያ በደከመ ድምፅ «ተያት መኪያ፣ እሷም ታዛ ነው» አሉ።

ለዶክተር ኢፋ ሄጄ ያየሁትን ሁሉ ነገርኳቸው። አልተቆጡም። ወንበራቸው ላይ ቀጥ ብለው «ሌላ ሰው ይመራል ብሏል?» አሉኝ። አብረን ገብተን አልጋ በአልጋ ጠየቅን፤ ለካ አዳራሹ በሙሉ ያውቃል። እኛ በመስታወት ስናያቸው እነሱ ጣዕም እያወዳደሩ ነበር። «የኔ መራራ ነው፣ አልሃምዱሊላህ» የሚሉ አሉ። አንድ ወጣት «የኔ ስለማይመር ዝም ብዬ ነው የማደርገው፣ ሲስተርን ላለማስቀየም» አለኝ። ሌላዋ ደግሞ እንደ አዴ መኪያ ከጎረቤቷ ጋር ጭንብል ትቀያየር ነበር።

ቢሮ ስንመለስ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ብልቃጥ ተቀምጧል። ለመቅመስ እንዴት እንደጓጓሁ ልነግራችሁ አልችልም። «ዶክተር፣ አንድ ጠብታ ምላሳችን ላይ ብናደርግ እኮ...»

«አይሆንም» አሉ። «እኔ ከቀመስኩ ነገ ሕመምተኛውን የማየው በምላሴ ነው።» ብልቃጦቹን አንስተው ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፉባቸው። ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ። «ቀለሙን ጠየቅን፣ ሽታውን ጠየቅን። ወደ ሳንባ የሚሄድ ነገር በምላስ በኩል እንደሚያልፍ እንዴት ጠፋን?»

ስልክ ተደወለ፣ ከዚህም ከዚያም ተመከረ። ጥናቱ እንዲቆም ተወሰነ። ማን ምን እንደወሰደ በማይታወቅበት ሁኔታ ለሰው መስጠት አይቻልም፤ እስከዚያ ድረስ እኛ ጋ የተሰበሰበውም ሁሉ ከስሌት ይወጣል ተባለ። ላባችን፣ የሰዎቹ ትዕግሥት፣ ሁሉም ባክኖ ቀረ። ዶክተር ኢፋ ማስታወቁን ለሌላ አላዘዙም፤ እየዞሩ ለእያንዳንዱ ራሳቸው ነገሩ፣ እኔም አብሬ ዞርኩ።

አዴ መኪያ ሲሰሙ ከአልጋቸው ለመውረድ ሞከሩ። «ማሎ! ማሎ ዶክተር፣ እባካችሁ! የኔን ተዉት፣ ለሱ ብቻ ስጡት። ጀምሮታል እኮ!»

«የሚጠቅም መሆኑን አላወቅንም፣ እናቴ። ሊጎዳም ይችላል።»

«ሲወስደው ተሽሎት ነበር!»

ዶክተር ኢፋ በመጋረጃው አልፈው ወደ ኦቦ ከድር አልጋ ሄዱ። ተሽሏቸው ነበር? እኔ እንጃ። ሁለት ቀን ቀለል ብሏቸው እንደነበር አይቻለሁ፤ ግን ከዚያ በፊትም ቀለል ብሏቸው መልሶ ከብዷቸው ነበር። ኦክስጅኑን ከፍ አደረግን፣ በሆዳቸው አስተኛናቸው፣ ያለንን ሁሉ ሰጠን። ዶክተር ኢፋ እንደ ልማዳቸው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው አብረዋቸው ሲተነፍሱ በመስታወቱ አይቻለሁ፤ መከላከያ ልብሱ ትከሻቸው ላይ ከፍ ዝቅ ሲል ከሕመምተኛው ጋር እኩል ነበር። አንድ ፀሐያማ ረፋድ ላይ ኦቦ ከድር አረፉ።

አዴ መኪያ ዳኑ። የወጡ ዕለት ልጃቸው ሊወስዳቸው መጣ። በሩ ላይ ቆሜ ላጽናናቸው አፌን ስከፍት ቀደሙኝ። «ከአፉ ነጠቃችሁት» አሉኝ። «ዕድሜ ልኬን ይህን ነው የምናገረው።» ሄዱ።

ጥናቱ ቆይቶ እንደገና ተጀመረ። አዲሶቹ ብልቃጦች ሁለቱም ይመሩ ነበር፤ ውሃውም እንዲመር ተደርጎ መጣ። አሁን ሁሉም ሰው «የኔ መድኃኒቱ ነው» ይል ጀመር፣ እኛም አልተጨነቅንም። እኔ ግን ብልቃጥ በከፈትኩ ቁጥር ኦቦ ከድር ትዝ ይሉኛል። ሰው ሲጠይቀኝ «ሥራው ጥሩ ነው» እላለሁ፤ ውስጤ ግን አንድ ጥያቄ ብቻ አለ። የነጠቅነው ምን ነበር? ለማወቅ እንዲህ ጓጉቼ አላውቅም፤ ለማወቅ እንዲህ ፈርቼም አላውቅም። በሽታው ጋብ ብሎ አዳራሹ ወደ ቀድሞ ሥራው ተመለሰ፣ እኔም ወደ ክፍሌ፣ መልሱ ግን አልመጣም። የብዙ አገር ሰው አንድ ላይ ተቆጥሮ ነው የሚታወቀው፤ ጠብቂ ተባልኩ፣ ጠበቅኩ።

ጡረታዬ ሲቃረብ ዶክተር ኢፋ አስጠሩኝ። በሩን ዘግተው «መልሱ መጥቷል» አሉኝ። «አልሠራም።»

«ምን ማለት?»

«መድኃኒቱን የወሰዱትና ውሃውን የወሰዱት እኩል ናቸው። እኩል ዳኑ፣ እኩል ሞቱ።»

መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። እንግዲያ ምንም አልነጠቅንም። ወዲያው ደግሞ አፈርኩ፤ በዚያ ሁሉ ሰው ተስፋ ላይ ነው እኮ የተደሰትኩት።

«ያኛው፣ የመጀመሪያው... የሚመረውስ የቱ ነበር?»

«መድኃኒቱ።»

«እንግዲያ አዴ መኪያ ልክ ነበሩ!»

«ስለ ጣዕሙ ልክ ነበሩ» አሉ ዶክተር ኢፋ። «ስለ መድኃኒቱ ግን ማናችንም ልክ አልነበርንም።»

ሄጄ እነግራቸዋለሁ አልኩ። አልከለከሉኝም፤ ደውዬ የአዴ መኪያን ልጅ ፈቃድ ጠየቅኩ፣ «ትምጣ ብላለች» አለኝ። በሚኒባስ ጮሌ ሄድኩ። አዴ መኪያ ደጃቸው ላይ ሰሌን አንጥፈው ባቄላ ይፈለፍላሉ። አልተነሱም፣ ግን ቦታ ለቀቁልኝ። ተቀምጬ እኔም መፈልፈል ጀመርኩ። ከዚያ እንዳለ ነገርኳቸው። የሚመረው መድኃኒቱ እንደነበር፣ ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቀው ያሉ ሰዎችም እንደወሰዱት፣ ከውሃው እንዳልበለጠ።

መፈልፈሉን አቆሙ። «እርግጠኛ ነሽ?»

«በጠቅላላው ከሆነ፣ አዎ። ስለ ኦቦ ከድር ብቻ ከጠየቁኝ ግን ማንም ሊያውቅ አይችልም። አውቃለሁ ብልዎት እዋሻለሁ።»

ፊታቸውን ወደ ማሳው አዞሩ። «እኔ ለሰው ሁሉ ነግሬያለሁ» አሉ። «ነጥቀው ገደሉት ብዬ። የወንድሜ ልጅ ያ በሽታ ሲይዘው እዚያ አልሄድም አለ። በኔ ቃል። አላህ ነው ያተረፈው።» ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። «ደግሞስ እኔ ብቀይርለትም ባልቀይርለትም ያው ነበር ማለት ነው?»

«እንደዚያ ነው የሚመስለው።»

«ስቀይርለት ግን ሳቀልኝ እኮ።»

አንድ እፍኝ ባቄላ ወደ እኔ ሳብኩ። የቀረውን አብረን ፈልፍለን ጨረስን።

ከዚያ ተነሥተው «ነዪ» አሉኝና ወንድማቸው ቤት ወሰዱኝ። ጎረቤቶችም ተሰበሰቡ። «የነገርሽኝን ንገሪያቸው፣ ምንም አታስቀሪ» አሉ። ተናገርኩ። አጠገቤ ቆመው ኦሮምኛዬ ሲሳሳት ያርሙኝ ነበር። ስጨርስ አንድ ሰው «ታዲያ ለምን ሞከራችሁት?» አለ። ልመልስ ስል አዴ መኪያ ቀደሙኝ። «ሳይሞከር በምን ይታወቃል? አሁን ቢያንስ ለሌላ ሰው አይሰጡትም።»

ሳይመሽብኝ ብዬ ተነሣሁ፤ እስከ ሚኒባሱ ሸኙኝ። መንገድ ላይ «ሌላ መድኃኒት ሲመጣ እኔን ጥሪኝ» አሉኝ።

«እሱ እኮ ከታመሙ ነው፣ አዴ።»

ቆሙ፣ አዩኝ፣ ሳቁ። ሲስቁ አይቼ አላውቅም ነበር። «እንዲያ ከሆነስ አትጥሪኝ!» ሚኒባሱ ሊነሳ ሲል ግን በመስኮቱ እጄን ያዙ። «የሚሠራው መድኃኒት የታወቀ ዕለት መጥተሽ ንገሪኝ። በስልክ አይደለም፣ መጥተሽ።»

እሺ አልኳቸው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ዶክተር ኢፋን በደወልኩላቸው ቁጥር ከሰላምታ ቀጥሎ የምጠይቃቸው ይህንኑ ነው። «ገና ነው፣ እየተፈለገ ነው» ይሉኛል። ወደ ጮሌ የሚወስደው መንገድ በዝናብ ወራት ትንሽ ያስቸግራል፤ እንግዲህ በጋ ላይ ቢታወቅ ደስ ይለኛል።